የትሎቹ ነጠላ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታውን ነው። የዩሪያ ሽታ ነው፤ ማዳበሪያው ተጭኖ ከሄደ በኋላ እንኳ ከግድግዳው የማይለቅ፣ አፍንጫን ሰንጎ የሚይዝ። ቀጥዬ ያወቅሁት በሩን ነው። የታችኛው ማጠፊያ ስለላላ፣ ሲዘጋ ትንሽ ካልተነሣ አይገጥምም። ያመጣኝ ፖሊስ ደጋግሞ ገፋው፤ እምቢ አለው።

"ብድግ ያድርጉት" አልኩት ከውስጥ ሆኜ።

ብድግ አደረገው፤ ገጠመ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። በር እንዲዘጋባት ያገዘች እስረኛ ከእኔ ሌላ ትኖር እንደሆነ አላውቅም። አሁን አሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን ቆሜ የበሩን ጀርባ ሳይ ቆየሁ።

ክፍሉን የማውቀው በሥራዬ ነው። ሞጣ ከተማ ዳር ባለ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ የማዳበሪያ ማስቀመጫ ነበር። አገሩ ሰላም በነበረ ጊዜ ከቢቸና እየመጣሁ እዚያ ግቢ ውስጥ ሴቶችን አሠለጥን ነበር። የማሠለጥነው ስለ ትል ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያኮሳትራል፤ ለምጄዋለሁ። ቀይ የመሬት ትል ነው፤ የደረቀ እበት፣ ቅጠላ ቅጠልና የአትክልት ልጣጭ ይበላል። እሱ በልቶ የሚተወው ጥቁር አፈር በከሳ ጓሮ ላይ ሲበተን መሬቱ ይለሰልሳል፤ ጎመኑም ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ትሉ ከሰው የሚፈልገው እርጥበትና ጥላ ብቻ ነው።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ አትቀበለኝም ነበር። አባቴ ካህን ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ የቀረነው እሷና እኔ ነን። ለእናቴ ትል ሲባል የሚታያት ትሉ የማያንቀላፋበት፣ እሳቱ የማይጠፋበት ያ ቦታ ነው። አንድ ጊዜ በባልዲ ይዤ ቤት ልገባ ስል ደጃፍ ላይ አስቆመችኝ።

"ሰው ከትል ለመዳን ይጾማል፣ ይጸልያል። የእኔዋ ትል ታረባለች!"

ባልዲው ደጅ አደረ። ጓሮዋ ውስጥ አንዲት ትል እንዳላሳርፍም በእመቤታችን አስማለችኝ። እኔም ማልኩላት፤ ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የተያዝኩት ቢቸና ነው፤ ከቢሮ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ። ሁለት ሰዎች መጥተው "ለአንድ ጉዳይ ትፈለጊያለሽ፤ አሁን ትመለሻለሽ" አሉኝ። የያዝኩት የእጅ ቦርሳዬንና ትከሻዬ ላይ ያለችውን ነጠላ ነበር። ቦርሳውን ተቀበሉኝ፤ ነጠላዋን ተዉልኝ። መኪናው ደብረ ወርቅን ሲያልፍ፣ ለእራት ቤቴ እንደማልደርስ ገባኝ። እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ ነበር ጥያት የወጣሁት። መንገዱን ሁሉ የማስበው ያን ጎመን ነበር።

ምርመራው አጭር ነበር።

"ሴቶችን በየሳምንቱ ትሰበስቢያለሽ። ምን ትነጋገራላችሁ?"

"ስለ ትል።"

መርማሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "በቁም ነገር ነው የምጠይቅሽ።"

"እኔም በቁም ነገር ነው የምመልስልዎ።"

ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም። ለካ ጥያቄም ይናፍቃል።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ነበሩ። እነሱ ተፈቱና ብቻዬን ቀረሁ። ከግቢው ማዶ ባለው አዳራሽ ብዙ ወንዶች ታስረዋል፤ ድምፃቸው ይደርሰኛል። አንዳንዴ ይስቃሉ። ሲስቁ እናደድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቅናት ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ የእኔ መድኃኒት ከግቢው ማዶ ነበር። አዛዡ ከሴቲቱ ጋር ማንም ወሬ እንዳያወራ ብሎ አዝዟል። ዘቦቹ ከድስታቸው የተረፈውን በሳህን አስገብተው፣ ባዶውን ሳህን ተቀብለው፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ስሜን ራሴ ጠራሁት። ድምፄ ሻክሮ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ሁለተኛ አልሞከርኩትም።

ከሁሉ የከበደኝ ስንቅ አለመምጣቱ ነው። ርሃቡ አይደለም። በእኛ አገር እስረኛ የሚመገበው ቤተሰብ ከሚያመጣለት ነው፤ ስንቅ ካልመጣ የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ነው። እናቴ በየፖሊስ ጣቢያው እየዞረች "የለችም" እንደምትባል አልተነገረኝም፤ ግን አውቀው ነበር። ፈርቼ ነበር። ዱላ አይደለም የፈራሁት። ሞታለች ብላ ቁርጧን አውቃ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሷ ተዝካሬን እንዳታወጣ ነው የፈራሁት። ያለኋት አንድ እኔ ነኝ፤ ካለቀሰች ለብቻዋ ነው የምታለቅሰው።

መስኮቷ ከፍ ያለች ናት። የውሃ ጀሪካኔን አስተኝቼ ስቆምበት ውጭውን አያለሁ፤ መጀመሪያ የሚታየኝም ከመስኮቷ ሥር ያለው ገንዳ ነው። ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን ተጠግቶ እስከ መስኮቷ ድረስ የሚሄድ፣ በብሎኬት የተሠራ የትል ገንዳ። ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ትሎችም በእጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ድሮ ሁልጊዜ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን ነበር። አሁን ጆንያዎቹ አሸዋ ተሞልተው የግቢው በር ላይ ምሽግ ሆነዋል። ወሩ መጋቢት ነው። ፀሐዩ ገንዳው ላይ ያርፋል፤ የላይኛው አፈር ተሰነጣጥቋል። ትል ደግሞ ቆዳው ከደረቀ መተንፈስ አይችልም።

ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ሲያወጡኝ በገንዳው አጠገብ ነው የማልፈው። ከመጠጥ ውሃዬ በኩባያ ይዤ እየወጣሁ፣ ሳልፍ ቀስ ብዬ አፈስበት ጀመር። የቀን ጠባቂዬ አንድ ዕድሜው የገፋ ሚሊሻ ነበር፤ ከሞጣ ዙሪያ ካለ ገጠር የመጣ ገበሬ። መሣሪያውን እንደ ሞፈር ትከሻው ላይ ነው የሚያጋድመው። ሳፈስ አየኝ።

"ምንድን ነው የምታፈሺው?"

"ውሃ ነው፣ ጋሼ።"

"ማን ይጠጣዋል ብለሽ?"

"ትሎች አሉበት።"

ገንዳውን አየ፣ እኔን አየ። "እሱ ነበር የቀረን" አለ።

"ሲመችዎ አንድ ጣሳ ውሃ ቢያፈሱላቸው። የሚበላ ነገር ከተገኘም፣ ለነፍስዎ ይሆናል።"

ወሬ ክልክል መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፤ በአገጩ ወደ በሩ አመለከተኝና ገባሁ። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሰው አናግሮኛል፤ ማሽሟጠጡም ቢሆን።

ሚካኤል ዋለ፣ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ በበሩ ሥር ትሎች እየገቡ ነው። አንድ ሁለት አይደሉም፤ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተው፣ አቧራ ለብሰው፣ እየተሳቡ ወደ እኔ ይመጣሉ። እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጠያቂ የመጣልኝ መሰለኝ። "እንዴት ሰነበታችሁ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ነው ሽታው የደረሰኝ፤ የጌሾና የብቅል፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ። በጀሪካኑ ላይ ቆሜ ባይ ገንዳው ላይ ቡናማ ነገር ተደፍቶበት አረፋ ይሠራል፤ ትሎቹም በብሎኬቱ ላይ እየወጡ ወደ ደረቁ መሬት ይወድቃሉ።

በሩን በመዳፌ መታሁት። እንዲያ መምታት የሚያስቀጣ ነው፤ ግን ቆም ብዬ አላሰብኩም። ሚሊሻው እየሮጠ መጣ።

"ምን ሆንሽ? አዛዡ ሳይሰማሽ!"

"ጋሼ፣ ገንዳው ላይ ምን ጨመሩበት?"

"አተላ ነው" አለ ከበሩ ማዶ። "ትናንት የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ከጠላው የቀረውን አተላ በባልዲ ተሸክሜ አመጣሁላቸው። ላሜ እሱን በልታ አይደል የምትታለበው? ያንቺዎቹ ምን ቤት ናቸው እሱን የሚንቁ?"

"አልናቁም። አተላ ገና ይፈላል፤ አፈሩን ያግለዋል፣ ያቃጥላቸዋል። ሸሽተው ነው የሚወጡት። ይክፈቱልኝና ልጥረገው።"

"ትእዛዝ የለኝም።"

"ትእዛዝ እስኪመጣ ያልቃሉ።"

"ለደግ ብዬ ነበር እኮ" አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። ከሚካኤል ድግስ የተረፈውን ከላሙ ነፍጎ ለእኔ ትሎች ማምጣቱ አሁን ገባኝ፤ አንጀቴን በላኝ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለእኔ እንዲህ ያሰበልኝ ሰው እዚህ የለም።"

በሩን ብድግ አድርጎ ከፈተው። አሠራሩን እሱም ተምሮታል።

ያን ጠዋት እስከ ክርኔ አፈር ውስጥ ነበርኩ። የኮመጠጠውን የላይኛውን አፈር በእጄ እየዛቅሁ አወጣሁ። ከሥር ያለው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ ያሉት በሕይወት አሉ። መሬት የወደቁትን እየለቀምኩ፣ በውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሁ መለስኳቸው። ሚሊሻው መሣሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የደረቀ የዋንዛ ቅጠል በእቅፉ ያመላልሳል። መልቀሙን ግን አልደፈረውም። አንዷ ጫማው ላይ ስትወጣ እግሩን አንሥቶ እንደ ሽመላ ቆመና፣ "አንሺልኝ እባክሽ" አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ስሰማው ደነገጥኩ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንዳልሳቅሁ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ውሃዬን ጥቂት ብቻ አስቀርቼ አፈሰስኩበት። የቀረው ሽፋን ነው። ፀሐይዋ ከአዳራሹ ጣሪያ በላይ ብቅ ልትል ነው።

"ጆንያ ይገኛል፣ ጋሼ?"

ወደ ግቢው በር፣ ወደ ምሽጉ አየ። "ከዚያ አንዱን ባነሣ፣ እኔን አሸዋ ሞልተው ነው በቦታው የሚያቆሙኝ።"

ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ጥጡን እናቴ ናት የፈተለችው። ጥለቱ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ነው፤ ሸማኔው "ሁለቱ ቀለማት አብረው አይሄዱም፣ እሜቴ" ቢላት "ይሄዳሉ" ብላ ያሠራችው። በእውነቱ አይሄዱም። ከሩቅ የሚያስታውቅ፣ ጓደኞቼ የሚስቁበት ጥለት ነው። እሱን በቀረችው ውሃ ነክሬ ገንዳው ላይ ዘረጋሁት፤ ጥለቱ በብሎኬቱ በኩል ተንጠለጠለ።

"ተይ እንጂ!" አለ ሚሊሻው። "ነጠላ እኮ ነው! በምን ተሸፍነሽ ልትጸልዪ ነው?"

"ፀጉሬን እግዜር ያውቀዋል።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ እስክገባ ድረስም አላየኝም።

ወደ ክፍሌ ስመለስ በበሩ ሥር ከገቡት ጥቂቶቹን ገንዳው ውስጥ አልጨመርኳቸውም ነበር። በተሰበረ ኩባያ፣ ከእፍኝ አፈር ጋር፣ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። መዋያ እንዲሆኑኝ ነው።

የሞጣ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ያለ ነጠላ ደግሞ ባሰብኝ። ተጸጸትኩ፣ አልዋሽም። ትል አልብሳ ራሷ የምትንቀጠቀጥ ሴት፣ ጤነኛ መሆኗን ማን ይመሰክርላታል? ደግሞ የእናቴ እጅ ያለበት ነገር ያ ብቻ ነበር። ሲጨንቀኝ ጫፉን አሸተው ነበር። አሁን የማሸተው የለኝም። ኩባያዬን እያየሁ ሳለቅስ የዋልኩበት ቀን አለ።

ሚሊሻው ግን ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ነጠላውን ያርሰዋል። ከዚያ ገልጦ ያይና ወደ መስኮቷ ቀረብ ብሎ አንዲት ቃል ይነግረኛል።

"አድረዋል።"

"ተመስገን" እላለሁ።

ንግግራችን ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ የምሰማው የሰው ቃል ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይመሽ እንዳያልቅብኝ እየቆጠብኩ ነበር የማስታውሰው።

አንድ የገበያ ቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በሩ ተከፈተ። ሚሊሻው ቆሟል፤ በእጁ ምሳ ዕቃ ይዟል። የተላጠ ሰማያዊ ቀለም፣ እጀታው ወልቆ በሽቦ የታሰረ። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ግድግዳውን ያዝኩ።

"ቀስ" አለኝ። በሩን ገርበብ አደረገና በሹክሹክታ ነገረኝ። "አንዲት እናት ከቢቸና መጡ። ስምሽን ጠርተው ጠየቁ። አዛዡ የለችም አላቸው። እሺ ብለው ዞሩ። ሊሄዱ ሲሉ ከጆንያዎቹ በላይ ገንዳውን አዩት። እዚያው ቀጥ ብለው ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ አዛዡን ትተው እኔን ጠሩኝ። 'ወንድሜ፣ ያ ነጠላ የማን ነው?' አሉኝ።"

"ምን አሏት?"

"ምን ልበል? አዛዡ አጠገቤ ቆሟል። ያንቺ ነው ብል ጉድ ይፈላል፤ እንዳልዋሽ ደግሞ ጾም ነው።" መሬት መሬት እያየ ነው የሚያወራው። "'የትሎቹ ነው፣ እሜቴ' አልኳቸው።"

"እሷስ?"

"አዛዡ ሳቀ። እሳቸው ፊታቸው እንዳለ ነው። ከዚያ ይህን ከፌስታላቸው አወጡና፣ 'እንግዲያውስ ይችን ለትሎቹ ስጡልኝ። ዕቃዬን ግን እፈልገዋለሁ፤ እጠብቃለሁ' አሉ። አዛዡ 'የልጅ ነገር አእምሯቸውን አናግቶት ነው፣ ተቀበላቸው' አለኝ። አሁን ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።"

ክዳኑን ከፈትኩት። ሽሮ፣ የጾም፣ ወፈር ያለ። ከጎኑ ጎመን። እንጀራው ተጠቅልሎ ከላይ ተጭኗል። ለትል የታሰበ ቢሆን ኖሮ በርበሬ ባልገባበት፤ ትል በርበሬና ጨው እንደማይወድ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ጎመኑን ሳይ የቀረው እንባዬ መጣ። ሚሊሻው ጀርባውን ሰጠኝና እስክጨርስ በር ላይ ቆመ። በላሁ ማለት አይቻልም፤ ዋጥኩት። እያለቀስኩ፣ አፍንጫዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ፣ እንደ ሕፃን።

ምሳ ዕቃው ባዶ ሆነ። ልሰጠው እጄን ከዘረጋሁ በኋላ መለስኩት። በእናቴ ቤት የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሳህን ምስር ከላከች ሳህኑ ሲመለስ ሌላው ቢታጣ አንድ ጭብጥ ቆሎ ይኖርበታል። ልጅ ሳለሁ ባዶ ሳህን ይዤ ልወጣ ስል ከደጃፍ መልሳኝ ታውቃለች። "ባዶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ የመርዶ ሰው ነው" ትል ነበር።

ክፍሉን ዞሬ አየሁ። ቆሎ የለኝም፣ ጨው የለኝም። ወረቀት አይፈቀድም። የእኔ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ኩባያ። ዘገየሁ። እነሱም ከሄዱ በክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እኔ ብቻ ልሆን ነው። ደግሞ ለማን ነው የምልካቸው? ትል ደጇን እንዳይረግጥ ላስማለችኝ ሴት።

ምሳ ዕቃውን በመጠጥ ውሃዬ አጠብኩት። ቅባትና በርበሬ እንዳይቀርበት ሁለተኛ አለቀለቅሁት፤ በቀሚሴ ጫፍ አደረቅሁት። ከዚያ የኩባያውን አፈር ከነትሎቹ ገለበጥኩበት፤ ጥቁር፣ እርጥብ አፈር። ከላይ አንድ የዋንዛ ቅጠል ጣል አደረግሁና ክዳኑን አላላሁት፤ አየር እንዲገባ።

ሚሊሻው ክዳኑን ከፍቶ አየ። መፈተሽ ሥራው ነው። ቶሎ ከደነው።

"ይደነግጣሉ እኮ፣ ልጄ።"

"ይደንግጡ።"

"ምን ብዬ ልስጣቸው?"

"ትሎቹ ዕቃ መለሱ ይበሏት።"

እሱ ሲወጣ በጀሪካኑ ላይ ቆምኩ። ከመስኮቷ የግቢው በር አይታይም፤ የሚታየው የአሸዋ ጆንያ ጫፍና ከእሱ በላይ ያለ ትንሽ ሰማይ ነው። ብዙ ቆየሁ፤ እግሬ ዛለ። ከዚያ ከጆንያዎቹ በላይ አንድ የነጠላ ጫፍ ሲያልፍ አየሁ። ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ የሚፈስ ነገር እንደያዘ ሰው። ልጣራ አልኩና ድምፄን ዋጥኩት፤ ብጣራ ሚሊሻው ነው የሚጠየቀው። ጥጉን፣ ኩባያው የነበረበትን፣ ሳየው ዋልኩ። ባዶ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ተረስቻለሁ ብዬ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ክፍት በሆነ የገበያ ቀን ሁሉ ለትሎቹ ስንቅ ይመጣ ነበር። የተፈታሁትም እንደተያዝኩት ነው፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። በወጣሁበት ጠዋት ሚሊሻው ተረኛ አልነበረም፤ ሳልሰናበተው ቀረሁ፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። ገንዳው ጋ ቆም ብዬ ነጠላዬን ላነሣ ጫፉን ያዝኩት። ጥጡ በእጄ ላይ ፈረሰ። ትሎቹ በልተውታል። የቀረው ያ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ጥለት ብቻ ነው። መልሼ አለበስኳቸውና ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ከሳሽ ብላ ተቆጣችኝ። ስለዚያ ቀን ያወራነው ግን ቆይተን ነው፤ ጓሮ፣ ጎመን ስትቀነጥስ።

"ነጠላውን ስታዪ እዚያ መሆኔን አወቅሽ?" አልኳት።

"ምኑን አወቅሁት?" አለች ቀና ሳትል። "ከሬሳ የተገፈፈ ነበር የመሰለኝ። የሰው ነጠላ ትል ላይ ጥለውት ሳይ፣ በቃ እሷም ከሥሩ ናት አልኩ። የሚሊሻው 'የትሎቹ ነው' ማለት ደግሞ አንጀቴን ቆረጠው።"

"ታዲያ ምግቡን ለምን ላክሽ?"

"ሌላ ምን ላድርግ? ይዤው ልመለስ? ለአንቺ የሠራሁትን ከአንቺ ጋር ላለ ልስጥ ብዬ ነው።" ቅጠሉን ሰፌድ ላይ ጣለችው። "ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ሙሾ በሆዴ እያወረድኩ ነበር። ከዚያ ዕቃውን አመጡልኝ። ከበደኝ። ከፈትኩት።"

"ደነገጥሽ?"

"የሞተ ሰው ዕቃ አይመልስም" አለች።

ትሎቹን ያን ዕለት በአይሱዙ ከጭነት በላይ ተቀምጣ፣ ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ቢቸና ያደረሰቻቸው። ጌሾው ሥር፣ በጥላው፣ የራሷን አሮጌ ነጠላ አርሳ አለበሰቻቸው። ማን ነገራት? መቶ ጊዜ ስነግራት ትሰማኝ ኖሯል። አሁን ተራብተው ጓሮውን ሞልተውታል፤ ጎረቤቶቿም ሳህን ይዘው ይመጣሉ፤ እሷም እየቆነጠረች ትሰጣለች፤ ሳህን እንደያዙ አቁማ፣ የእኔን የድሮ ትምህርት የራሷ አስመስላ እያስተማረች። እኔ ወደዚያ ስብስብ አልወጣም። ሰው ሲበዛ አሁንም ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ የዩሪያው ሽታ ይመጣብኛል። መካከለኛ ቦታውን እስካሁን አላገኘሁትም። የቤታችንን በር ስዘጋም ሳላስበው ብድግ አደርገዋለሁ፤ ማጠፊያው ደህና ነው።

ጠዋት ጠዋት እናቴ ከእኔ ቀድማ ትነሣና ጓሮ ትወርዳለች። ነጠላውን ገልጣ ታያለች። ከዚያ በመስኮቴ በኩል ስታልፍ ትነግረኛለች።

"አድረዋል።"

ያን ቃል ከማን እንደሰማሁት ነግሬያት አላውቅም።

"ተመስገን" እላታለሁ፤ እነሣለሁ።